የቅዳሜው ሰውዬ

ባንቲሁን በጅቡቲ ወደብ በር ጥላ ሥር ቆሞ የኮንቴነር ወረቀት ሲያገላብጥ፣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከጋቢናው ወርዶ ፊቱን አተኩሮ ያየው ጀመር። ሹፌሩ ጎሳዬ ይባላል፤ ከአዳማ የመጣ ነው። ባንቲሁን ከዚያ ቀን በፊት ዓይቶት አያውቅም።

“ይቅርታ ወንድሜ፣ የት ነው የማውቅህ?” አለ ጎሳዬ።

“እዚሁ ይሆናል። የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ፤ የዕቃ ማውጫ ወረቀት እጨርሳለሁ። ያልተገናኘሁት ሹፌር የለም።”

“አይ፣ እኔስ በወረቀት አላውቅህም።” ጎሳዬ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ድንገት እጁን አጨበጨበ። “አገኘሁህ! የቅዳሜው ሰውዬ! ያ ዶሮውን ከነቅልጥሙ የሚያወራርደው!”

ባንቲሁን ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው የጨው ጆንያ የተጫነ መኪና እንጂ ሰው አልነበረም።

“ባለቤቴ አንተን ሳታይ የቅዳሜን ምሳ አትቀምስም” አለ ጎሳዬ እየሳቀ። “ሳምንቱን ሙሉ እንደ ፍየል ቅጠል ስትቀነጥብ ትከርምና፣ ቅዳሜ አንተ በስመ አብ ስትል እሷም በስመ አብ ትላለች። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማታል! ና እስቲ፣ አንድ ፎቶ አብረን እንነሳ፤ እሷ መቼም አታምነኝም።”

ፎቶውን ተነሡ። ባንቲሁን ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለበት ስላላወቀ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። ጎሳዬ አመስግኖት ሲሄድ፣ አጠገባቸው ቆሞ የነበረው የሥራ ባልደረባው ሙሚን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሙሚን የጅቡቲ ሰው ነው፤ ግን ድሬዳዋ አጎቱ ቤት ስላደገ አማርኛው ከሶማልኛው አያንስም።

“ምንድን ነው የሚያስቅህ? ሰውየው ምን እያለ ነው?”

“ወላሂ አታውቅም እንዴ?” ሙሚን ሳቁን ዋጥ አደረገ። “እኔ እኮ የምታውቅ መስሎኝ፣ እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኛም ቤት ትታያለህ። ሚስቴ አማርኛ አትሰማም፤ ‘ይህ ሰውዬ ሲበላ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም’ ትላለች።”

ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ባንቲሁን ራሱን አየ። ጉንጩ ተወጥሯል፣ አገጩ ላይ ወጥ አለ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ከጎን በኩል አምባር ያጠለቀ ቀጭን የሴት እጅ ትልቅ ጉርሻ ይዞ ይመጣል። እጁን ያውቀዋል፤ የሚስቱ የኤሌኒ ነው። ከሥር ሰዎች የጻፉት ተደርድሯል፤ “እግዜር ሆዱን ይባርክለት”፣ “ከሰኞ ጀምሬ ይቺን ቀን ስጠብቅ”፣ “እሱ ሲጎርስ እኔም ጎረስኩ፣ አልቻልኩም፣ ፒሳ አዘዝኩ።” ሙሚን በጣቱ ወደ ታች ገፋ ሲያደርገው ደግሞ ኤሌኒ ብቻዋን መጣች። የስፖርት ልብስ ለብሳ፣ ሆዷን ገልጣ፣ ቁርሷን ታሳያለች፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና የተቆራረጠ ኪያር።

“ላይኛው ብሉ ይላል፣ ታችኛው አትብሉ ይላል” አለ ባንቲሁን።

“አዎ።”

“እና ሰዉ የቱን ይሰማል?”

“እኔ ምን አውቄ” አለ ሙሚን። “ሁለቱንም መሰለኝ።”

ኤሌኒ ስልክ ስትቀርጽ ባንቲሁን ሳያያት ቀርቶ አይደለም። “ለእህቴ ነው የምልክላት” ብላው ነበር፤ እሱም እህቷን ስለሚወዳት፣ ደህና መብላቱን ታይለት ዘንድ ካሜራው ፊት በደንብ ይጎርስ ነበር። እህት የተባለችው ይህን ያህል መብዛቷን ማን ነገረው?

ነገሩ የጀመረው ካገባት በኋላ ነው። ኤሌኒን ከድሬዳዋ አምጥቶ ካርቲየ ሦስት በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ ግቢ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አስገባት። ያኔ ሞላ ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ የሚስቅ ሴት ነበረች። እሱ ጠዋት ወደ ወደብ ይወጣል፤ እሷ ፈረንሳይኛውን አታውቅ፣ ከጎረቤት ጋር የሚያወያይ ቋንቋ ገና አልያዘች፣ ከሙቀቱ ጋር በር ዘግታ ትውላለች። ጓደኛዋ ስልኩ ሆነ። በስልኩ ውስጥ የሚዘሉ፣ የሚሮጡ፣ ሆዳቸው እንደ ገበታ የተስተካከለ ሴቶች ነበሩ። እሷም መዝለል ጀመረች። እንጀራ ተወች፤ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ ሙዝ። ሲከሱ “ምነው፣ ታመምሽ ወይ?” በሚባልበት አገር ያደገው ባንቲሁን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን ደስ ብሏት እየዘፈነች ስትሠራ ሲያያት ሐሳቡን ተወው። የማታውቃቸው ሴቶች “እንዴት ነው እንዲህ ያማረብሽ?” ብለው ሲጽፉላት ፊቷ ይበራል። እሷም ታስተምራቸው ጀመር።

ቅዳሜ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

“ቺት ደይ ይባላል” አለችው። “ሳምንቱን የቻለ ሰው አንድ ቀን ያሻውን ይበላል። ቺት ማለት ማታለል ነው።”

“ማንን ነው የምናታልለው?”

“ሰውነታችንን።”

“ሰውነታችን ከእኛ ሌላ ነው እንዴ?”

ሳቀችና ጉንጩን ቆንጠጥ አደረገችው። የከተማው የዕረፍት ቀን አርብ ቢሆንም አርብ ለእነሱ ጾም ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሆነ። ባንቲሁን ራሱ ያረዳት ዶሮ ትሠራለች፤ ከየመን ምግብ ቤት ተሰንጥቆ በእሳት ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ይመጣል፤ ሙክባዛ የሚሉት በሙዝና በማር የታሸ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ኬክ ይደረደራል። መጀመሪያ መጀመሪያ አብረው ይበሉ ነበር። ግን ሰዎች ስለ እሷ መጻፍ ትተው ስለ እሱ መጻፍ ጀመሩ። “ባልሽ ሲበላ ደስ ሲል!” ይላሉ። ስለዚህ ጉርሻው ወደ እሱ በዛ። የኤሌኒ እጅ ከሳህን ወደ ራሷ አፍ የሚሄድበት መንገድ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ባንቲሁን ይህን አላስተዋለም። ሚስቱ በእጇ ስታጎርሰው የሚያስተውል ወንድ የት አለ? እናቱም አባቱን የምትወደው በጉርሻ ነበር፤ ሌላ ቋንቋ አልነበራቸውም።

ጎሳዬ ያስቆመው ዕለት ከወደብ ሲመለስ ኤሌኒን ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ስፖርት ስትሠራ አገኛት።

“ኤሉ፣ ሰዎች በመንገድ እያስቆሙኝ ነው። የቅዳሜው ሰውዬ ይሉኛል።”

“ታዲያ ደስ አይልም?” ቀና ብላ በፎጣ ላቧን ጠረገች። “ምን ያህል እንደሚወዱህ ብታውቅ! አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ሳምንቱን እንደ ምንም የሚገፉት ቅዳሜን እያሰቡ ነው።”

“ለእህቴ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።”

“መጀመሪያ ለእህቴ ነበር። በኋላ በዛ።”

“እና እኔ እዚያ ውስጥ ምንድን ነኝ? የምታስተምሪው መክሳት ነው። እኔ ደግሞ…” ሆዱን አየ።

“አንተ የእኛ ዕረፍት ነህ” አለችው፤ ከልቧ ነው። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ያየው ፍቅር ነበር። ባንቲሁን የሚቆጣበት ቦታ ጠፋበት።

ከዚያ ሰሞን ጫማውን ለማሰር ሲጎነበስ ትንፋሽ ያጥረው፣ ውኃም ያስጠማው ጀመር። ሙሚን ጎትቶ ክሊኒክ ወሰደው። ሐኪሟ ውዳድ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ደሙን አስመርምራ ስኳር እየጀመረው መሆኑን በለሰለሰ ድምፅ ነገረችው። ለኤሌኒ ሲነግራት እንባዋ መጣ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አጃ ታበስልለት፣ ምሳውን ጎመንና ምስር በሳህን ትቋጥርለት፣ ማታ በባሕሩ ዳር እጁን ይዛ ታስራምደው ጀመር። ስኳር ከሻዩ ጠፋ። እንዲህ የሚያስብለት ሰው በሕይወቱ አልገጠመውም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ገበታው እንደ ወትሮው ሞልቶ ጠበቀው።

“ውዳድ ምን እንዳለችኝ ነግሬሽ የለ?” አላት።

“ስድስት ቀን ተጠንቅቀህ የለ እንዴ? አንድ ቀን ምንም አያደርግም። እኔ አጥንቼዋለሁ።” ስልኩን ማቆሚያው ላይ አደረገችና ፀጉሯን አስተካከለች።

ባንቲሁን በላ። ሲበላ ግራ ገባው። ስድስቱን ቀን በዚያች ሳህን ጎመን የምትጠብቀው ኤሌኒ ናት፤ በሰባተኛው ቀን ቅልጥም የምታጎርሰውም ኤሌኒ ናት። ባሕታዊና ሰርገኛ በአንድ ሆድ ውስጥ እንዴት ይኖራሉ? ከሁለቱ ኤሌኒዎች የምትወደው የትኛዋ ናት? ምናልባት ሁለቱም። ምናልባትም እሱ የማይገባው የአዲስ ዘመን መውደድ ይሆናል። የሚበላው ምን እንደሆነ የሚያዩት ሁሉ ያውቃሉ፤ እሱ ብቻ የማያውቅ መሰለው።

አንድ ቀን የወደቡ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሥራ ቆመና ሠራተኛው በቀትር ወደየቤቱ ተበተነ። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋ እያነሣ ስለነበር መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ተኝቷል። ባንቲሁን የግቢውን በር በቀስታ ከፍቶ ገባ፤ ኤሌኒ ተኝታ እንደሆነ እንዳይቀሰቅሳት ጫማውን ደጅ አወለቀ። መጋረጃውን ገለጥ ሊያደርግ ሲል ከውስጥ የገዛ አፉን ድምፅ ሰማ። ማላመጡን፣ መዋጡን፣ “እሰይ፣ እጅሽን ይባርከው” ሲል።

ኤሌኒ አልጋውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ ጉልበቷ ላይ ነው። አጠገቧ በሳህን የተቆራረጠ ኪያር አለ፤ አልተነካም፤ ጠርዙ ደርቋል። በስልኩ ውስጥ ያለው ባንቲሁን አፉን ሲከፍት እሷም ከፈተች። እሱ ሲያላምጥ እሷም ባዶ አፏን አላመጠች፤ በዝግታ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል። ሲውጥ ጉሮሮዋ ወጣ ወረደ። ቪዲዮው ሲያልቅ በእጇ አፏን ጠረገች፤ እንደበላ ሰው። “ተመስገን” አለች፤ ስልኩንም ደረቷ ላይ አደረገች።

ባንቲሁን ወደ ኋላ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ በውኃ በርሜሉ አጠገብ ቆመ፤ ነፋሱ አሸዋ በፊቱ ላይ ይረጭበታል። የሆነ ነገር ሰርቆ የወጣ መሰለው። ያየው ነገር ምን እንደሚባል አላወቀም። በሽታ ነው? ናፍቆት ነው? ጸሎት ነው? ጥቂት ቆይቶ ጫማውን እንደገና አጠለቀ፣ የግቢውን በር ድም አድርጎ ዘጋ፣ አሰምቶ ሳለ፣ ገባ።

ኤሌኒ ተነሥታ ሳህኑን ወደ ማድ ቤት ስትወስድ አገኛት። “በሰላም ነው በዚህ ሰዓት? ምሳ በልተሃል?”

“አልበላሁም። አንቺስ?”

“እኔ ጠግቤአለሁ” አለች።

ውሸት አትመስልም ነበር። እሱን ያስፈራው ይኸው ነው።

በማግሥቱ ለሙሚን ሊነግረው ሞከረ፤ ነገሩን ግን ከየት እንደሚጀምር አላወቀም።

“ሚስት ባሏን በስልክ ብታየው ምን ማለት ነው?”

“ናፍቋት ይሆናል።”

“አብሯት እየኖረ?”

ሙሚን አሰበ። “ምናልባት በስልክ ስታየው አያወራ ይሆናል” አለና ትከሻውን ነቀነቀ። “እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እኔ የሚስቴን ነገር አላውቅም፣ የአንተን ከየት ላውቅ?”

ቅዳሜ ደረሰ። ባንቲሁን ዶሮዋን አረደ፣ ዓሣው መጣ፣ ሙክባዛው በሰፊ ሳህን ተዘረጋ። ኤሌኒ የዚያን ቀን ላይቭ ነው፣ በቀጥታ ይተላለፋል አለችው፤ የሚያዩት ሁሉ ገበታቸውን ይዘው በየቤታቸው ተቀምጠዋል። ቀይ ቀሚስ ለብሳለች። አንገቷ ሥር ያለው አጥንት የቀሚሱን ጠርዝ ሲገፋው ባንቲሁን የዚያን ቀን ገና አየው።

“እንደምን ዋላችሁ ውዶቼ፣ ሳምንቱን ችላችሁ ለዚህ በቃችሁ!” አለች ለስልኩ። “ዛሬ የሚከለክለን የለም። በሉ፣ የቅዳሜው ሰውዬ ሊጀምርላችሁ ነው።”

ጉርሻ ጠቀለለች፤ እሱ ጎረሰ። ሁለተኛውን ጎረሰ። ልቦችና ሳቆች በስልኩ ፊት ላይ እየፈሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ባንቲሁን ራሱ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። ከዶሮው ሥጋ ቆረሰ፣ ከእንቁላሉ ጨመረበት፣ በእንጀራ አሳምሮ ጠቀለለና ወደ ኤሌኒ አፍ አቀረበ።

ሳቀች፤ የስልክ ሳቅ ነበር። “አይ እኔ ዛሬ… አንተ ብላ፣ እነሱ የሚጠብቁት አንተን ነው።”

“እኔ ደግሞ አንቺን ነው የምጠብቀው።”

“ባንቴ፣ ላይቭ ነን እኮ” አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

“ጉረሺ በሞቴ።”

በሞቴ ተብሎ እንቢ አይባል ነገር። አፏን ከፈተች፤ ጉርሻው ገባ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም። አላላመጠችም። ጉንጯ ተሞልቶ፣ እጇ አየር ላይ ቀርቶ፣ ዓይኗ ሲሞላ አየ። እንዴት እንደሚላመጥ የጠፋት ሕፃን መሰለች። ባንቲሁን ደነገጠ፤ ስልኩን የሚያጠፋበትን ቁልፍ ስላላወቀ ማቆሚያውን ገፍቶ በፊቱ ደፋው።

“ትፊው፣ ትፊው ግዴለም” አለ መዳፉን ከአገጯ ሥር ዘርግቶ።

ራሷን ነቀነቀች። ቆይታ፣ ቆይታ አንዴ አላመጠች። እንባዋ ወረደ። ዋጠችው፤ ሲወርድ ያመማት ይመስል ደረቷን ያዘች።

“ለምን እንዲህ አደረግኸኝ? በሰው ፊት!”

“አየሁሽ” አለ ባንቲሁን። “ያን ቀን በቀትር መጥቼ ነበር። ስልኩን እያየሽ ስታላምጪ አየሁሽ።”

ኤሌኒ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ከእጆቿ ውስጥ እንዲህ አለች፦

“ምን ልበልህ? እኔም አይገባኝም። መጀመሪያ ሲርበኝ አውቅ ነበር፤ እችለው ነበር። ከዚያ መራቡ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ አሸነፍኩ አልኩ። አንድ ቅዳሜ አንተን ሳጎርስ ግን አፌ ውኃ ሞላ። ረሃቤ አንተ ጋ ሄዶ ተቀምጦ አገኘሁት። አንተ ስትበላ እኔ እጠግባለሁ፤ እውነቴን ነው፣ እጠግባለሁ! እናቴም እንደዚሁ ትለን ነበር፤ ‘እናንተ ስትበሉ እኔ እጠግባለሁ’። ምኑ ነው ጥፋቱ?”

“እናትሽ የምትለው ምግብ ሲያንስ ነበር።”

“አዎ” አለች ኤሌኒ። የሞላውን ገበታ አየችው። “እዚህ ግን አላነሰም።”

“ስኳሩስ? እንደታመምኩ እያወቅሽ?”

“ብታቆም እኔ ምን እበላለሁ?” አለችና የተናገረችው ለራሷም ሲሰማት ቃሉ አስደነገጣት። አፏን በመዳፏ ያዘች። “ይኸን እኔ ነኝ ያልኩት?”

ቢቆጣ፣ የምታሳዝን ናት። ቢያዝን፣ እየገደለችው ነበር። ቢያቅፋት፣ አጥንቷን ይፈራል። በመጨረሻ የወጥ እጁን ገና ስላልታጠበ በክንዱ ብቻ አቀፋት።

በሩ በኃይል ተንኳኳ። ሀጀራ ነበረች፤ እዚያው ሠፈር በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ የምትኖርና ቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት የምትወጣ ልጅ። በእጇ የተቋጠረ ፌስታል ይዛለች፤ ሮጣ ስለመጣች ታለከልካለች።

“ጋሼ ባንቲሁን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እትዬ ኤሌኒ፣ ስልኩ! ስልኩ አልጠፋም እኮ! ፊቱ ጠቆረ እንጂ ድምፁ ይሰማል። ሁሉንም ሰማን።”

ኤሌኒ የተደፋውን ስልክ አንሥታ አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ገና አልሄደም፤ የሚጽፈውም አላቆመም። “አታላይ!” ይላል አንዱ። “እኔም እንደዚያው ነኝ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ” ትላለች አንዲት ሴት፤ ደጋግማ ጽፋዋለች። ሌላው ደግሞ “ዶሮው ምን ሆነ? ለምን አታሳዩንም?” ይላል። ኤሌኒ አጠፋችውና ስልኩን ከትራስ ሥር ከተተችው፤ አሁንም የሚሰማ ይመስል።

“ተቀመጪ” አለ ባንቲሁን ለሀጀራ።

ልጅቷ ተቀመጠች። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻሸዋለች። “እኔም የራሴን ዓሣ ገዝቼ ተቀምጬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በእንቁላል ነው የዋልኩት፤ እትዬ እንዳሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አብሬያችሁ እስኪያመኝ እበላለሁ። ዛሬ ስልኩ ሲጠቁር እጄ ቆመ። እንደበላ ሰው እንዳልነሣ አልበላሁም፤ እንዳልበላ ሰው እንዳልቀመጥ ሁሉን ሰምቻለሁ። ብቻዬን መብላት እንዴት ነበር? ጠፋኝ።” ለመሳቅ ሞከረች። “ዕብደት ነው አይደል?”

“ዶሮው ያንቺ እርድ አይደለም” አለ ባንቲሁን። “ዓሣ ግን የእስላም የክርስቲያን የለውም። አምጪው፣ ከእኛው ጋር እንብላው።”

ሁለቱ ዓሣዎች በአንድ ሳህን ሆኑ፤ ሁለቱም ቀዝቅዘዋል። ሦስቱ ዙሪያውን ተቀመጡ። ማንም አላጎረሰም። እያንዳንዱ ሌላው ምን ያህል እንደሚቆርስ እየሰረቀ ያያል። ባንቲሁን ጥቂት በልቶ ሆዱን አዳመጠ፤ የሚያጨበጭብ፣ “እሰይ” የሚል፣ ልብ የሚልክ የለም። ጠግቦ ይሁን አይሁን ሊያውቅ አልቻለም። ሀጀራ “በቃኝ መሰለኝ” አለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ “አልበቃኝ ይሆን?” አለች። ኤሌኒ ከዓሣው ጫፍ እንደ ጥፍር የምታህል ቆርሳ በምላሷ ላይ አኖረችና እስኪሟሟ ጠበቀች። ፀሐይዋ ከግቢው ግድግዳ ስትወርድ ሀጀራ አመስግና ሄደች።

ኤሌኒ ገጿን አልዘጋችውም፤ ምንም አልለጠፈችበትምም። ሰው ሄደ፤ ሌላ ሰው መጣ፤ የሚሳደበውም የሚያጽናናውም በዚያው ይጽፋል። ጎሳዬ እንደገና ዕቃ ሊጭን ሲመጣ ባንቲሁንን ወደብ ላይ አግኝቶት፣ “ባለቤቴ ቅዳሜ ምን እንደምትበላ ግራ ገብቷታል፤ እንዲያው አንድ ነገር በሏት” አለው። ባንቲሁን የዕቃ ማውጫ ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠው። ውዳድ ኤሌኒንም ተቀበለቻት፤ ያወሩትን ብቻቸውን አወሩ፤ ኤሌኒ ስትወጣ የተናገረችው “ተመልሰሽ ነይ ብላኛለች” የሚለውን ብቻ ነው።

ተከትሎ በመጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይብስ፣ ሁለቱ ወደ ማዕከላዊ ገበያ ወረዱ። የሚያርዱት ዶሮ አልነበረም፤ የሚያዝዙትም ምግብ አልነበረም፤ ቤታቸው መቀመጥ ደግሞ ከበዳቸው። ፍራፍሬ የምትሸጠው ዓዚዛ ብርቱካኑን፣ ማንጎውን፣ ፓፓያውን በጨርቅ እያበሰች ትደረድራለች። ኤሌኒን በሶማልኛ አናገረቻት፤ ኤሌኒም በምትችለው መለሰችላት።

“ምን አማረሽ?” አላት ባንቲሁን።

ኤሌኒ ፍራፍሬውን አንድ በአንድ አየችው። እጇን ወደ ማንጎው ሰደደችና መለሰች። ወደ ብርቱካኑ ሰደደችና መለሰች። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ያጉረመርማል።

“አላውቅም” አለች፤ ድምፁ የእሷ አይመስልም። “ባንቴ፣ አላውቅም እኮ። ሁሉም ያምረኛል፤ ደግሞ ምንም አያምረኝም። ሰው የሚያምረውን እንዴት ነው የሚያውቀው?”

ባንቲሁን ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እሱም አላወቀውም። የራሱን አምሮት ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው መቼ ነበር?

ዓዚዛ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከፓፓያው ቀጭን ቁራጭ በቢላዋ ጫፍ አንሥታ ወደ ኤሌኒ ዘረጋች። ኤሌኒ ተቀብላ አፏ ውስጥ አደረገችው፤ ዓይኗን አልጨፈነችም። አላመጠች። ሰልፉ ተንጫጫ፤ አንዲት እመቤት ዘንቢሏን በኤሌኒ ጎን አሳልፋ ብርቱካን ጠየቀች፤ ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ አርገበገበው። ኤሌኒ ገና ታላምጣለች።

“እንዴት ነው?” አላት።

እጇን አንሥታ አስቆመችው። “ቆይ” አለች፤ “ቆይ፣ ገና አልደረስኩበትም።”